ልጄን ደጅ ላይ ያስረከብኩበት ጠዋት

የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር። አርባ ቀኑ ሳይሞላ ታመመና በጥድፊያ ክርስትና ተነሣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ የጥምቀቱ ውሃና ሞቱ በልቤ ውስጥ ተጣበቁ። ለማንም አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልተውኩም፤ ጾሜንም አላጎደልኩም። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ግን «ይኩን ፈቃድከ»፣ «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ላይ ስደርስ ፍም እንደ ረገጠ ሰው ፈጥኜ አልፍ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ክረምት እግዚአብሔር ሴት ልጅ ሰጠኝ። ሃምሳ ቀን እንዳለፋት ሳል ያዛት። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሳንባዋ ነው ተባልን፤ መርፌ ታዘዘላትና ጠዋትና ማታ እየተመላለስን አስወጋናት። በሦስተኛው ቀን ጡት መያዝ አቃታት። ማልቀስም ተወች። ሕፃን ተኝቶበት ድምፅ የማይሰማበት ቤት ይከብዳል።

አማቴ ከማንኪራ በእግራቸው መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። ከልጃቸው ጋር በካፊኖኖ ይነጋገራሉ፤ እኔን ሲቆጡኝ ግን በአማርኛ ነበር፣ ደኅና አድርጎ እንዲገባኝ።

«ክርስትና ትነሣ» አሉ።

«ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ትነሣለች» አልኩ።

«ሰማንያ ቀን ለደኅና ልጅ ነው። ይቺ ቀን መቁጠር ታውቃለች?»

«አይሆንም፣ እማዬ።»

«አንቺ ልጅ! ንብ እንኳ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቀፎዋ ትሮጣለች። አንቺ ከቀፎሽ ትሸሻለሽ?»

ባለቤቴ ካፖርቱን ደርቦ ወጣና የንስሐ አባታችንን ይዞ ተመለሰ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ልጅቷን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አባ፣ እግዚአብሔርን ፈራሁት» አልኳቸው።

«መፍራትስ ይገባል፣ ልጄ።»

«እንደዚያ አይደለም። እጁ ላይ ካኖርኳት ይወስድብኛል ብዬ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጡ።

«ወንድሟን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዚያ በኋላ ሕፃን ሲያቀብሉኝ እጄ የሚከብደኝ ጊዜ ነበር። ግን ሞት በውሃው አልመጣበትም፤ ቀድሞት ቤት ገብቶ ነበር። እኛ ያደረግነው፣ ልጅ ሆኖ ወደ አባቱ እንዲሄድ ነው። ጥምቀት ልጅነት ነው። የመቃብር ስንቅ ነው ያለሽ ማን ነው?»

ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ ያልኩት።

«ጠዋት የመርፌ ሰዓቷ ነው» አልኩ።

«ከቅዳሴ በኋላ ትወጋለቻ! እግዚአብሔር ከሐኪም ጋር ተጣልቷል እንዴ?»

አማቴ ሳቁ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «እሺ፣ ነገ» አልኩ።

በማግስቱ በማለዳ ዝናብ እየዘነበ ሄድን። ሴት የወለደች እናት ሰማንያ ቀኗ እስኪሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ የእኔም ገና ነበር። ስለዚህ ልጄን በር ላይ ለክርስትና እናቷ ማስረከብ ነበረብኝ። የክርስትና እናቷ ጎረቤታችን ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። እትዬ ክንዳቸውን ዘረጉ። እኔ አለቀቅኩም።

«አምጪ እንጂ፣ አልበላት!» አሉ።

ሰጠኋቸው። አማቴና ባለቤቴ ተከትለዋቸው ገቡ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ በሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም፤ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። «ይኩን ፈቃድከ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብዘለው የሚሰማኝ አልነበረም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩት። ደገምኩት። ልጄን ይሰጠኝ ይንሣኝ አላውቅም፤ ወንድ ልጄም ልጅቷም በአንድ አባት እጅ እንዳሉ ግን አወቅኩ። «ተመስገን» አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የልጅ ጩኸት ተሰማ። የእኔ እንደሆነች ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ራሳቸው አብረው ወጡ። «ዲያቆናችን እንዲህ ቢጮህ ኖሮ ሕዝቡ ባላንቀላፋ» አሉ። ልጅቷን ከእትዬ ተቀበልኩ። ሜሮን ሜሮን ትሸታለች፤ አንገቷ ላይ አዲስ ማተብ ታስሯል። ከዚያው በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ትኩሳቷ የለቀቃት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ሳሉ ደግሞ ብዙ ሰነበተ። ዛሬ ሺሺንዳ ከተማ አስተማሪ ናት።

እምነትሽ የጸናው ልጅሽ ስለዳነችልሽ ነው የሚሉኝ አሉ። ስለ መዳኗ በየቀኑ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በዚያ ጠዋት ተመስገን ስል ክንዴ ባዶ ነበር፤ ከውስጥም ገና ምንም አልተሰማም።