የዓለምወርቅና የጋራው ካርድ

የዓለምወርቅ ኮሌጅ የገባችው ልጆቿ የቤት ሥራቸውን ራሳቸው መሥራት ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት ኖርዌይ ውስጥ፣ ብሪን የሚባል ሰፈር ካሉት የቢሮ ሕንፃዎች አንዱን ለዓመታት ስታጸዳ ኖራለች። ሥራውን አልጠላችውም። ጠዋት ሠራተኛው ሳይገባ ጨርሳ ትወጣለች፤ የሚጨቀጭቃትም አልነበረም። አንድ ቀን ግን ባሏ ተክሉ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ላምበርትሴተር ካለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ጋደም እንዳለ፣ ሒሳብ እንደዚያ የምትወድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰች ወዲህ ምነው መማር ተወች አላት። እሱ እንደ ቀልድ ነበር የወረወረው፤ እሷ እንደ ቀልድ አልያዘችውም። ኦገስት ላይ የአስተዳደርና የሒሳብ ትምህርት ልትማር ገባች፣ የጽዳት ሥራዋንም ወደ ግማሽ ቀን አወረደችው።

ኮሌጁ ውስጥ ክፉ ሰው አልገጠማትም። የክፍሏ ልጆች ሰላም ይሏታል፣ በር ይይዙላታል፣ የቡድን ሥራ ሲመጣ ሐሳቧን ይሰማሉ። ዕድሜያቸው ግን ከትልቋ ልጇ ብዙም አይርቅም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ከየጓደኛው ጋር ይሰባሰብና እሷ ካንቲናው መስኮት ጥግ ብቻዋን ትበላለች። ተክሉ ማታ እንዴት ዋልሽ ሲላት "ደኅና" ትለዋለች። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ከዚያ ጥግ ያነሳቻት ቢታንያ ናት። ቢታንያ እዚያው ከተማ፣ አመሩድ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ቁመተ ሎጋ፣ የኮሌጁ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ናት። አንድ ቀን ትሪዋን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ሐበሻ መሆኗን ካረጋገጠች በኋላ፣ ያለ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ቅዳሜ ጨዋታ እንዳላቸው፣ ተመልካች እንደሌላቸውና እንድትመጣ እንደምትፈልግ ነገረቻት። "አንቺ" ያለቻት ንቃት አይደለም። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች "እርስዎ" የሚለው ቃል አፋቸው ላይ አይመጣም። የዓለምወርቅም አልከፋትም። ስሟን አሳጥራ "የዓለም" ስትላት እንዲያውም ደስ አላት፤ ኮሌጁ ውስጥ ስሟን በትክክል የጠራላት ሰው እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

ቅዳሜ ሄደች። አዳራሹ ሞቃት ነው፣ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ከተጫዋቾቹ እናቶች ጥቂቶቹና አንድ ሽማግሌ ብቻ ተቀምጠዋል። የጨዋታውን ሕግ አታውቅም ነበር፤ ግን ቢታንያ ኳሷን በጣቶቿ ጫፍ አንስታ ለጓደኛዋ ስታመቻችላት፣ ያቺም ዘላ ስትለጋት፣ የዓለምወርቅ ሳታስበው ተነሥታ አጨበጨበች። ጭብጨባዋ በባዶው አዳራሽ ስላስተጋባ አፈረች። በሳምንቱ ግን ተመለሰች፣ በሚቀጥለውም።

ከአዳራሹ ጎን የበረዶ ሆኪ ሜዳው አለ። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። የወንዶቹ ሆኪ ቡድን በሚጫወትበት ቀን ቀይ ሻርፕ ያጠለቁ ተማሪዎች ከበሮ እየመቱ በር ላይ ይሰለፋሉ። የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ የሚያስገባው የሆኪ ካርድ ገና ትምህርት እንደተጀመረ ያልቃል። እጅ ኳሱም፣ አዳራሽ ውስጥ በዱላ የሚጫወቱት ኢነባንዲም፣ መረብ ኳሱም የየራሳቸው ካርድ ነበራቸው፤ የመረብ ኳሱን የሚገዙት ግን እናቶቹ ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት የዓለምወርቅ የተማሪዎች ስፖርት ማኅበር ውስጥ የትኬት ኃላፊ ሆነች። የተመረጠችው ሌላ እጁን ያወጣ ሰው ስላልነበረ ነው። ኃላፊነቱን ከያዘች በኋላ አንድ ሐሳብ አላስተኛት አለ። እናቷ ደብረ ብርሃን ገበያ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ ከእሷ የገዛ ሰው ሁሉ ምርቃት ሳይጨመርለት ሄዶ አያውቅም። ታዲያ የሆኪ ካርድ ለገዛ ተማሪ መረብ ኳሱን ቢመርቁለትስ? ምሳ ላይ ይህንኑ ለቢታንያ በደስታ ነገረቻት።

ቢታንያ ሹካዋን አስቀመጠች።

"እኛ ምርቃት አይደለንም፣ የዓለም። እኛም ሽንኩርት ነን።"

የዓለምወርቅ፣ ልጅቷ ያለችው እውነት መሆኑን ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ባቡር ውስጥ ስታሰላስለው ቆየች። ለተመረቀ ነገር ማን ይጨነቃል? ገዢው ቤቱ ሲደርስ ከሥር ሆኖ የተጨፈለቀው ሁልጊዜ ምርቃቱ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ገለበጠችው፤ የሆኪ ካርድ የሚባል ነገር ራሱ ይቅር። ለአራቱም ስፖርት አንድ የጋራ ካርድ ይኑር፣ ማንም የማንም ጭማሪ አይሁን።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተቃወማት ሲቨርት ነው። ሲቨርት የሆኪው ክለብ መሪ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር አቋርጦ የማያውቅ ወጣት ነው። መረብ ኳሱን ንቆ አልነበረም የተቃወመው። በየዓመቱ ቀድመው የሚገዙት ደጋፊዎቹ ቦታ ያጣሉ ብሎ ሠጋ። የዓለምወርቅም ከዓመት ዓመት ሁሉም ካርድ የያዘ በአንድ ቀን መጥቶ እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜ ክፍት ወንበር እንደሚተርፍ አስረዳች። ለአንድ ዓመት ይሞከር ተባለ፣ ድምፅ ተሰጠበት፣ በጥቂት ድምፅ አለፈ።

ካርዱ ተሸጠ። ከታሰበውም በላይ ተሸጠ፤ ለመሸጡ ደስ ብሏት ስለነበር ሽያጩን ማቆም አላሰበችም። ግን የመረብ ኳሱ አዳራሽ እንደ ድሮው ባዶ ሆነ። ተማሪው ካርዱን ለሆኪ ገዛው፣ ለሆኪ ተጠቀመበት፣ ሌላውን ረሳው። ቢታንያ እንደ ወትሮው ባዶ ወንበር ፊት ተጫውታ ትወጣለች። የዓለምወርቅ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

መላው የመጣው ከተክሉ ነው። በኖቬምበር አንድ ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረው አብሯት መጣና የመረብ ኳሱን ጨዋታ አየ። ጨዋታው አልቆ ሲወጡ ቀይ ሻርፕ ያደረጉት ልጆች የሆኪው በር እስኪከፈት ውጭ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ተክሉ ኮፍያውን እየደፋ፣ እነዚህ ልጆች በረዶ ላይ ከሚገተሩ እዚህ ሙቀት ውስጥ ቢቀመጡ ምን ነበረበት አለ። ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲቨርትን ለመነችው፣ የአዳራሹን ኃላፊዎች ለመነች፣ ተጋጣሚ ቡድኖችን ለመነች። የመረብ ኳሱ ጨዋታ ሆኪ ባለበት ቅዳሜ እንዲሆን፣ የሆኪው በር ከመከፈቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲያልቅ አደረገች። ከዚያ ራሷ ውጭ ወጥታ ሰልፉን "እዚህ ይሞቃል፣ ካርዳችሁ ያስገባችኋል" አለችው።

መጀመሪያ የገቡት ለሙቀቱ ነው። ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከዚያ አንዲት ኳስ መሬት አልነካ አለች። ከወዲህ ይመታሉ፣ ከወዲያ ይመልሳሉ፤ አንዷ በደረቷ ወለሉ ላይ ተንሸራትታ አዳነቻት፣ ቢታንያ ሮጣ ደረሰችባት፣ እንደገና ከመረቡ በላይ አለፈች። ሳቁ ቆመ፣ ስልኩ ወረደ። ነጥቡ የነቢታንያ ሲሆን አዳራሹ ተናጋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብለው የመጡ ነበሩ። ፌብሩዋሪ ላይ ከበሮው ራሱ ወደ ሞቃቱ አዳራሽ ገባ። ከበሮ መቺው የተጫዋቾቹን ስም አጥንቶ የቢታንያን በሦስት ምት መጥራት ጀመረ። የቢታንያ እናት የልጇን ስም በከበሮ ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ማርች ላይ ሆኪው ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ ጨዋታው ከትሮንድሃይም ቡድን ጋር፣ በኮሌጁ ሜዳ ነው። በዚያው ዕለት ከሰዓት መረብ ኳሶቹ የመጨረሻ ጨዋታቸውን በሞላ አዳራሽ አሸነፉ። የዓለምወርቅ ከዚያ ደስታ በቀጥታ ወደ ሆኪው በር ስትሄድ ሰልፉ የሕንፃውን ጥግ ዞሮ አየችው። ሁሉም ካርድ የያዘ በአንድ ቀን አይመጣም ብላ ነበር። ያን ቀን መጣ። የመጣውም እሷ ራሷ ሰውን ስፖርት ስላስወደደች ነው።

ወንበሩ ሞላ፣ መቆሚያው ሞላ። በረኛው የእሳት አደጋ ደንብ ነው ብሎ በሩን ዘጋ። ብዙ ሰው ካርዱን በእጁ እንደያዘ ውጭ ቀረ። በዚህ መሃል ቢታንያና ጓደኞቿ ታጥበው፣ ፀጉራቸው እንደረጠበ፣ እየሳቁ ደረሱ። ሲቨርትም ከውስጥ ወጣና ነገሩን ሲያይ ወደ የዓለምወርቅ ጠጋ ብሎ፣ ልጆቹ ዛሬ ያሸነፉ ተጫዋቾች ስለሆኑ በጎን በር እንደሚያስገባቸው፣ ጥቂት ሰው ቢጨመር ማንም እንደማይጎዳ በጆሮዋ ነገራት። ከልቡ ነው ያለው። ሰልፉ ውስጥ ያሉት ያዩዋት ጀመር።

"አይሆንም" አለችው፤ ከዚያ ወደ ቢታንያ ዞረች። "እነዚህ ቀድመዋችሁ ነው የመጡት።"

"የዓለም፣ ይሄ ካርድ እኮ ያለ እኛ አይኖርም ነበር።"

"ja፣ አዎ፣ አውቃለሁ። እነሱን ትቼ እናንተን ባስገባ ግን ካርዱ ውሸት ይሆናል።"

ቢታንያ የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ስባ፣ ቦርሳዋን አንግባ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች። ጓደኞቿም ተከተሏት።

የዓለምወርቅ ሰልፉ ፊት ቆመች። ኖርዌጅኛዋ ስትደነግጥ ይሰባበራል፤ ያን ቀንም ተሰባበረ፣ ቢሆንም ገባቸው። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን፣ አዳራሹ ከሚይዘው በላይ መሸጧን ተናገረች። ገንዘቡ ይመለስልኝ ያለ እንደሚመለስለት፣ ጨዋታውን ማየት የፈለገ ደግሞ እንዲከተላት ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ እያጉረመረሙ ሄዱ። የቀሩት ተከትለዋት ሞቃቱ አዳራሽ ገቡ። አንዲት ተማሪ ኮምፒውተሯን አገናኝታ ጨዋታውን ግድግዳው ላይ አበራችላቸው። ከጎን ካለው ሜዳ የሚሰማው ጩኸት ከምስሉ ይቀድም ስለነበር ጎል ሲገባ ሳያዩት ያውቁት ነበር፤ በዚህም ሳቁ። ሆኪዎቹ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉ። የዓለምወርቅ ጨዋታውን አላየችውም። ዓይኗ ላይ የቆየው የቢታንያ ጀርባ ነው።

ቢታንያ ከዚያ ወዲያ ካንቲና አልመጣችም፤ ብትመጣም ከሌላ ጠረጴዛ ትቀመጣለች። ተክሉ ነገሩን ሲሰማ፣ ልጅቷም ልክ ናት፣ አንቺም ልክ ነሽ አላት። የዓለምወርቅ ይህ መልስ አላሳረፋትም፤ የተሻለ ግን ራሷም አላገኘችም። ስልኳን ብዙ ጊዜ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ይቅርታ ብትል ትዋሻለች፤ ያደረገችውን ዛሬም ቢሆን ታደርገዋለችና።

ከፋሲካ እረፍት በኋላ አንድ ቀን ትሪ ፊቷ ተቀመጠ።

"በሩ ላይ ያልሽኝ ልክ ነበር" አለች ቢታንያ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች። "እስካሁን ግን ተናድጃለሁ።"

"ተናደጂ" አለች የዓለምወርቅ። "ብቻ አትጥፊብኝ።"

ሁለቱም በሉ። ቀስ እያሉ ወሬ ጀመሩ፤ ስለ ፈተና፣ ስለ ቢታንያ ጉልበት፣ ስለ እናቷ አዲስ ሥራ። ስለዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተነሣም።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የዓለምወርቅ ስህተቷን አስቀድማ ተናገረች። ከዚህ በኋላ ካርዱ ከአዳራሹ ወንበር በላይ እንዳይሸጥ፣ ለትልልቅ ጨዋታዎች የሚመጣ ሰው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ያላሳወቀ ቦታው ለሌላ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበች። ሲቨርት ቀድሞ ደገፋት። ደጋፊዎቹ ቦታ ማጣታቸው እውነት እንደሆነ፣ ግን የመረብ ኳስ ካላዩ ቅዳሜያቸው እንደጎደለ የሚነግሩት ሰዎች እንዳሉም ተናገረ። ቢታንያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ካርዱ ላይ የስፖርቶቹ ስም ሲጻፍ መረብ ኳስ ከላይ ይሁን አለች። ተሳቀ፣ ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ ጸደቀ።

የዓለምወርቅ አሁን የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት ብሪን ማጽዳቷን አልተወችም፤ ከምረቃ በኋላ ግን በኮሙኑ፣ በከተማው አስተዳደር፣ የስፖርት አዳራሾች ቢሮ ውስጥ ሥራ ቃል ተገብቶላታል። ተክሉ ኢነባንዲ ወድዶ ቀርቷል፣ እሷ ባትሄድ እንኳ ብቻውን ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ መረብ ኳስ ነበር። በሩ ላይ ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ አንድም ክፍት ወንበር አጣች፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ኮቷን ክንዷ ላይ አድርጋ፣ ጨዋታውን እስኪያልቅ ቆማ አየችው።