ደጅ የማይቀር እግር

ደብረ ታቦር ላይ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በጣም የሚያስቸግረኝ ግማሽ እግር የቀረለት ሰው ነው። ተረከዙ አለ፣ ጣቶቹ የሉም። ቆሞ ሲያዩት ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ወደ ፊት ዘንበል ሲል ግን የሚደግፈው ነገር የለም።

አንድ ቀን ከገሳይ አንድ መሪጌታ መጡ። የቀኝ እግራቸውን ፊት ስኳር በሽታ አስቆርጧቸዋል። እንደ ልማዴ ቅጹን አውጥቼ ጠየቅኋቸው፤ መንገዱ ሩቅ ነው ወይ፣ ዳገት አለው ወይ፣ ያርሳሉ ወይ። መልሱን ጻፍኩና ቀላሉን መረጥኩላቸው፤ ከጫማቸው ጫፍ ገብቶ ጎደሎውን የሚሞላ ስፖንጅ። ተራምደው አዩት፤ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

በሳምንቱ ተመለሱ።

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ እግሬን ደጅ ጥየው ነው የምገባ» አሉኝ።

አፈርኩ። እሑድ እሑድ ጫማዬን አውልቄ የምገባ ሰው ነኝ እኮ! ቅጹ ስላልጠየቀ እኔም አልጠየቅሁም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሉታል እንዲህ ያለውን። ዕድሜ ልካቸውን የመሩት ወረብ ሲጀመር፣ አሁን ግድግዳ ተደግፈው ሌሎቹን እንደሚያዩ አጫወቱኝ። ሲናገሩ ዓይኔን አላዩም።

እንደገና ጀመርኩ። በጀሶ ልካቸውን ወስጄ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ በቆዳ የሚታሰር፣ ፊቱ የማይታጠፍ፣ ያለ ጫማ የሚቆም እግር ሠራሁላቸው። ሊሞክሩት የመጡ ዕለት ያማል ወይ ብለው አልጠየቁም። ይኸ ጫማ ነው ወይስ እግር ነው አሉኝ። ለመመለስ ፈራሁ፤ መሥራት እንጂ መፍረድ የእኔ አይደለም አልኳቸው። በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩና፣ መንገድ ካላስረገጡት እግር እንደሆነ ራሳቸው ፈረዱ። ስፖንጁ ለመንገድ፣ ይኸኛው ለቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አስረውት መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዜማውን ጀመሩ፤ ሰውነታቸው ቀስ እያለ ወደ ግራ፣ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ። ቀጥሎ ወደ ፊት አዘነበሉ። ክብደታቸው በሙሉ በእጄ በሠራሁት ቁራጭ ላይ ዐረፈ። በዚያ እግር እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ይወድቃሉ ብዬ ሁለት እጄን ዘርግቼ ተጠጋሁ።

ዜማውን አቆሙና አዩኝ።

«ዘወር በልልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቦታ ጠበበኝ።»