ናቲ ሽማግሌ ያጣበት እሁድ

ኦሎምፒያ፣ ጎህ ሲቀድ

ለዚህ የጉዞ ማስታወሻ ስል አርባ ምንጭም ሐረርም ሄጃለሁ። የዛሬው መንገድ ግን ከኦሎምፒያ ሳሊተ ምሕረት ነው፣ ያውም ለሰው ጉዳይ። አሮጌዋን መኪናዬን አስነስቼ ስወጣ አስፋልቱ ጭር ብሏል፤ ነጠላ የለበሱ ቅዳሴ ሂያጆች ብቻ ዳር ዳሩን ይዘዋል። ከአልጋዬ ያስነሳኝ ቅናት ነው፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ናቲ አብሮ አደጌ ነው፤ ጉርድ ሾላ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ዛሬ በስልክ ቪዲዮ አገር ያስቃል፤ ተከታዮቹን ስታዲየም አይችላቸውም። የእኔን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ አንድ ሚኒባስ ትበቃችኋለች፣ ያውም «ተጠጋጉ» ሳትባሉ። ቦሌ አብረን ስንሄድ ሴቱም ወንዱም አብሮት ፎቶ ሊነሳ ይለምነዋል። ስልኩን ተቀብዬ የማነሳው እኔ ነኝ። እርር ድብን እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ላይቭ ገብቶ፣ «ሜላትን ላገባ ነው። ወላጆቼ በሕይወት የሉም። ማነው ሽማግሌ የሚሆነኝ?» ብሎ ጠየቀ። «አለሁ!» «እኔ አለሁ ብሮ!» እያለ ስክሪኑ ሞላ። ጸጉራቸው የሸበተ ሦስት ሰዎች መርጦ ዛሬ በማለዳ እዚህ ቀጠራቸው። እኔን ለሹፌርነት።

ስደርስ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ አስፋልት ዳር ብቻውን ቆሟል። ጠበቅን። ፓስቲ ገዛን፣ አንዱ ሃያ ብር ገብቷል፤ እሱ የራሱን ሳይቀምስ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ደወለ። አንዱ አያነሳም። ሌላው «ስትቀልድ መስሎኝ!» አለው። ሦስተኛው «ላይቭ ግባና እዚያው ልመርቅህ» አለው።

እውነቱን ልናገር? ለአፍታ ደስ አለኝ።

«አባባ ተነስተው ይሆን?» አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አባቴን ማለቱ ነው።

«መጀመሪያውኑ ለምን እሳቸውን አልጠየቅክም?»

«አንተ ትቀየመኛለህ ብዬ።»

ሞተር አስነሳሁ።

ጉርድ ሾላ

ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። አባቴ በረንዳ ላይ ሬዲዮ እያዳመጡ አገኘናቸው። ነገሩን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የልጅቷ ቤት የት ነው?» ወዲያው ጎረቤታችንን ጋሽ ቶሎሳን አስጠሩ። ሽማግሌ ግን ሁለት ሆኖ አይሄድም።

«ሦስተኛው አንተ ነህ» አሉኝ።

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ጋቢ ደርብ፣ ትሸመግላለህ» አሉ ጋሽ ቶሎሳ እየሳቁ።

ጋቢ ፍለጋ ወደ ጓዳ ስገባ ናቲ ቀደመኝ። እኔ ቁም ሳጥኑን ስከፍት እሱ ከአልጋው ሥር ሻንጣ ስቦ አወጣና አንዱን ጋቢ ሰጠኝ። «ጋቢው የት እንደሚቀመጥ በምን አወቅክ?» አልኩት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ዳማ እንጫወታለን» አሉ አባቴ ከበረንዳው። «አንተ መንገድ ላይ ነህ።»

እኔ የናቲን ቪዲዮዎች፣ በሆዴ እየረገምኩም ቢሆን፣ አንድ ሳላስቀር የማይ ሰው ነኝ። ይህን ዳማ አንድም ቀን ለቆት አያውቅም። በተከታዮቹ የቀናሁት ቅናት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነበር። ጋቢውን ደርቤ ወጣሁ።

ሳሊተ ምሕረት

የሲኤምሲን መንገድ ይዘን ደረስን። ናቲን ከግቢው ራቅ ብሎ መኪና ውስጥ ተውነው። የሜላት አባት አቶ ደምሴ በር ከፍተው አስገቡን። ሳሎኑ መሐል ቆመን ቀረን።

«ኧረ ተቀመጡ!»

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ አባቴ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።»

«ያ ስልክ ላይ የሚቀልደው ልጅ አይደል? እልፍ ሕዝብ ይከተለዋል አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጄ ብትታመም፣ በጨለማ ሄዶ በሩን የሚያንኳኳው ሰው አለው?» ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ወጣቱ ሽማግሌ።»

«ዛሬ ጠዋት ማንም አልመጣለትም» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ውሸትም አይደለም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። አባቴ ወደ እኔ አላዩም፤ የጫማቸውን ጫፍ ነው የሚያዩት።

«እኔ አለሁ» አልኩ። «የአባቴንም በር ከእኔ ይልቅ የሚያንኳኳው እሱ ነው።»

አባቴ ቀና አሉ። አቶ ደምሴ ወንበር ሳቡልን። «እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ። ከዘመድ ጋር ተመካክረው ቁርጡን ሊነግሩን የዛሬ ሁለት ሳምንት ቀጠሩን፤ ሲሸኙን ግን «ልጁንም ይዛችሁት ኑ» አሉ።

መልስ

ናቲ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ ያቀፈው አባቴን ነው። አይቼ ቀናሁ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ አላወጣውም።

መንገድ ከጀመርን በኋላ ጋሽ ቶሎሳ እኔን ያዙኝ። «ያንተስ መቼ ነው? አባትህ እንደሆኑ ለገዛ ልጃቸው ሽማግሌ አይሆኑም። ማን ሊሄድልህ ነው?»

ጽሑፌን የሚወድዱልኝን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩ። ስማቸውን ሁሉ አውቀዋለሁ። በማለዳ ደውዬ ልቀስቅሰው የምለው ግን አንድም አልመጣልኝም።

«አለሁ» አለ ናቲ ከኋላ ወንበር።

በመስታወቱ አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

«ጋቢው የት እንዳለ መቼም ታውቃለህ» አልኩት።