ለሙሽሪት ፎቶ የተወረወረው ድንጋይ

ዛሬ ዘንገና ሐይቅ ዳር አንዲት ራዛ ወፍ ክንፏ ተሰብሮ ከሙሽሪት እግር ሥር ወደቀች።

የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው። ለፎቶ ከእንጅባራ መጥተን ነበር። ወደ ፈረንጅ አገር የሚመለሱ ነጫጭ ራዛዎች ውሃው ዳር አርፈዋል።

ካሜራማኑ «ከሙሽሮቹ ጀርባ ይብረሩልኝ!» ሲል ሚዜዎቹ ድንጋይ ለቅመው ወረወሩባቸው። ለማስነሳት እልልታችን ብቻ ይበቃ ነበር።

ሙሽሪት «ኧረ ቬሎዬን ደም እንዳይነካው!» ብላ ሸሸች።

መንጋው በርሮ ሄደ። ካሜራማኑ ያነሳውን አየና «አልመጣልኝም፣ አንዴ እንድገመው» አለ። አንዱ ሚዜ ዙሪያውን ቢያይ የቀረችው ያቺው ክንፈ ሰባራ ናት። ለእሷም ድንጋይ አነሳ።

ነገ ፎቶው ይለጠፋል፤ እናንተም «ስታምሩ!» ትላላችሁ። እስቲ ከዚያ በፊት ንገሩኝ፤ በእናንተ ሰርግ ለፎቶ ሲባል ምን ሞተ?