«ማፊ ሙሽኪላ» አልልም

ሰው ክትባት የሚፈራው ባለማወቁ ነው ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። እኔ ካርቱም ውስጥ ሕክምና ስማር ያየኋቸው እናቶች የሚፈሩት አንዴ ስለተዋሹ ነው።

ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት፣ አራተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ ለማኅበረሰብ ጤና ልምምድ ቡሪ የሚባል ሰፈር ተመደብን። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተን ሕፃናት እንከትብ ነበር። የእኔ ሥራ እናቶችን ማነጋገር ነው፤ ሐበሾቹን በአማርኛ፣ ሌሎቹን በዐረብኛ። የሚመራን ሐኪም ያስተማረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ማፊ ሙሽኪላ በሏቸው።» ምንም ችግር የለም ማለት ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያዋ እናት «ማታ ሊያተኩሰው ይችላል፤ እግሩም ሊያብጥ ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል» አልኳት። ልጇን አቅፋ ተመልሳ ሄደች።

ሐኪሙ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«ያ ዶክቶራ፣ አባረርሻት!»

«እውነቱን ነው የነገርኳት።»

«እውነቱን ፈተና ላይ ጻፊው። እዚህ ማፊ ሙሽኪላ ነው።»

ያቺ እናት መሄዷ አንገብግቦኛል። ክትባቱ ደህና መሆኑን እኔም ከእሱ ባልተናነሰ አምናለሁ። ግን ደህና ነው ማለት ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ትኩሳቱ ሲመጣ እናቲቱ ብቻዋን ናት፤ እኛ ጠረጴዛችንን አጥፈን ሄደናል።

ሌላም ያናደደኝ ነገር ነበር። የሐበሻ ወንዶች ልጆች በጊዜ ሲመጡ ሴቶቹ ይዘገያሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ ብዙዎቹ እናቶች እስከዚያ ሕፃኗን ከቤት አያወጡም። የመጀመሪያው ዙር ክትባት ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሐኪሙ «ቸልተኞች» ይላቸዋል። ልጇን ለአፍታ ከዓይኗ የማታርቅ ሴት ቸልተኛ ተባለች!

የዚያኑ ቀን ልጇን ልታስከትብ የመጣች ሐበሻ፣ እሷ ግቢ ውስጥ ሴት ልጅ ከወለደች ስድስት ሳምንት የሞላት አራስ እንዳለችና የአከራዮቹ ልጆች በትክትክ እየታፈኑ እንደሆነ ነገረችኝ። ትክትክ ያን የሚያህል ሕፃን ይገድላል። መርፌውን የምትወጋውን ሱዳናዊት ነርስ ለመንኳት። በረዶ ያለበትን የክትባት ሳጥን አንስታ «ያላ» አለችኝ፤ አብረን ሄድን።

አራሷ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ያሳደገቻት አክስቷ ግን በሩ ላይ ቆመችብን።

«ክርስትና ሳትነሳ መርፌ? በጭራሽ!»

«እትዬ፣ ልጅቷ አትውጣ ነው የተባለው፤ መርፌ አይግባ ያለ የለም። ይኸው እኛ መጣን።»

«ወግታችሁ ልትሄዱ ነዋ የመጣችሁት።»

አራሷ ከውስጥ «ምን ያደርጋታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ትኩሳቱን፣ እብጠቱን፣ ለቅሶውን። እጅግ አልፎ አልፎ ሰውነት ሊቆጣ ስለሚችል ከተወጋች በኋላ ጥቂት እዚሁ እንደምንቆይም ነገርኳት። «ነገ ጠዋት ደግሞ መጥቼ አያታለሁ» አልኳት። ከአከራዮቹ ቤት የሚመጣው ሳል አላቋርጥ ብሏል። አራሷ «ግቡ» አለችንና የልጇን እግር ገለጠች።

ስንመለስ ሐኪሙ ሰምቶ ጠበቀኝ።

«ቤት መሄድሽ ሳያንስ ነገ እመጣለሁ ብለሻል? ተመልሰሽ ከሄድሽ ጥፋት አለብን ማለት ነው። ብትሄጂ ማርክሽን እርሺው።»

«ረስቼዋለሁ» አልኩት። ቃሉን ጠብቆ ጣለኝ። ልምምዱን ደግሜ ወሰድኩ፤ እስከ ዛሬም ቅንጣት አልጸጸትም።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ አክስቲቱ በሩ ላይ ቆማለች። ገለል ብላ አስገባችኝ። አራሷ እንቅልፍ አጥታ አድራለች። የሕፃኗ ታፋ አብጧል፤ ሰውነቷም ያተኩሳል። ለካሁ፣ ዳሰስኩ፤ እንዳልኩት ነው፤ ከዚያ ያለፈ የለም፤ ጡቷንም በደንብ ትጠባለች። ይኼንኑ ነገርኳቸው።

አክስቲቱ ጎንበስ ብላ እብጠቱን አየች።

«የእኔም ልጅ እንዲህ አብጦ ነበር» አለች። «ምንም አይሆንም ብለው ነው የወጉት። ተሸክሜው ወደ እነሱ ስመለስ ቁስሉን አንቺ ነሽ ያቆሸሽሽው ብለው ሰደቡኝ። ከዚያ ወዲያ የወለድኳትን አላስወጋሁም። እሷን ኩፍኝ ወሰደብኝ።»

እንባዬ መጣ፤ ንዴትም ነበር። እሷ ግን የልጅቷን እግር መልሳ ሸፈነችና ቀና አለች።

«ሁለተኛው መርፌ መቼ ነው?»

«ከአራት ሳምንት በኋላ፤ ከክርስትናዋ በፊት ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ይዘሽው ነይ» አለችኝ፤ «እኔ ነኝ የምይዛት።»