አባቴ ፈረስ ላይ የወጣበት ምሽት

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ፍሪዌዩ ላይ ትራፊክ ያዘኝና ፈረስ ከጫነ ተጎታች ኋላ ቆምኩ። መስኮቴ ክፍት ነበር። የላብ፣ የገለባና የቆዳ ሽታ ተደባልቆ ገባ። ከተጎታቹ በር በላይ ባለው ክፍተት አንድ ቡናማ ጭራ ይወዛወዛል። መስኮቱን ልዘጋ እጄን ሰደድኩና ተውኩት። ሳን ሆዜ ሮዲዮ፣ የፈረሰኞችና የከብት ትርኢት፣ ልናይ የሄድንበት ምሽት መጣብኝ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ትንሽ ቤት ነው። ቤቱ የአጎቴ ነበር፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። እሱ ራሱ የሚኖረው ሳን ሆዜ፣ ሰፊ ግቢ ባለው ቤት ነው። ስፖንሰር ሆኖ አሜሪካ ያመጣን እሱ፣ መጠጊያ የሰጠን እሱ፣ ለአባቴ የፓርኪንግ ሥራ ያገኘለት እሱ። ይህን ደግሞ ማንም እንዲረሳበት አይፈልግም ነበር። ቤታችን ሲመጣ ሳያንኳኳ ይገባል። አባቴ ከተቀመጠበት ይነሳለታል፤ እሱም ያንኑ ወንበር ይዞ ይቀመጣል።

አባቴ ዝምተኛ ነበር። አፉ የሚፈታው ስለ ፈረስ ሲያወራ ብቻ ነው። ተወልዶ ያደገው ጎጃም፣ አገው ምድር ነው፤ እዚያ ሰው ለሠርግም ለለቅሶም በፈረስ ነው የሚሄደው ይለን ነበር። እኔና ትንሹ ወንድሜ ከመተኛታችን በፊት ስለ አባቱ ዳማ ፈረስ፣ ስለ ጉግስ ጨዋታ ይነግረናል። እኛ በእንግሊዝኛ እንጠይቃለን፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል። አጎቴ ይህን ወሬ ከሰማ ይስቃል። «ያንተ ፈረስ ጆሮው ረጅም ነበር ወይስ አጭር?» ይለዋል፤ አህያ ነው ማለቱ ነው። እናቴም ለወንድሟ ስትል ፈገግ ትላለች።

ሮዲዮ እንሂድ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው አጎቴ ነው። «ፋሚሊ ናይት ነው፤ መጨረሻ ላይ የፈለገ ሰው ፈረስ ላይ ይወጣል። ዛሬ ፈረሰኛችንን እናያለን» አለ። አባቴ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ።

ሜዳው ላይ ትልልቅ መብራት በርቶ አቧራው እንደ ዱቄት ይበናል። የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። አስተዋዋቂው አንዴ በስፓኒሽ አንዴ በእንግሊዝኛ ይጮሃል። አንገቱ ገመድ የገባበት ጥጃ ተገልብጦ በጀርባው ሲወድቅ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ወንድሜ ፊቱን እናቴ ክንድ ውስጥ ደበቀ። አጎቴ አገጩን ይዞ አዞረው። «እይ። ወንድ አይደለህም?» አለው።

ትርኢቱ ሲያልቅ ጎን ባለው አነስተኛ ሜዳ ሰው በተራ መውጣት ጀመረ። ፈረሶቹን የያዙት አንድ ሽማግሌ ሜክሲኳዊ ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ልጓሙን ይዘው ይመሩለታል። የአባቴ ተራ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። በአገሩ እርካብ የሚረገጠው በባዶ እግር፣ በአውራ ጣት ነው። የዚህኛውን ሰፊ እርካብ አየና ተወው። አጎቴ ግን አይቶታል።

«አልጋ መሰለው እንዴ፣ ጫማውን ሊያወልቅ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

አባቴ የፈረሱን አንገት ዳበሰ፣ ጆሮው ስር የሆነ ነገር አለውና ወጣ። እንዴት እንደወጣ አላየሁም፤ መሬት ላይ ነበር፣ ኮርቻው ላይ ሆነ። ሽማግሌው ትንሽ አዩትና ልጓሙን ለቀቁለት።

በሶምሶማ ዞረ። ምን ልበል፣ ትከሻው ጎብጦ የማውቀው ሰው አልነበረም። ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ልጓሙን በግራ እጁ ላላ አድርጎ ይዞ፣ ቀኙን ጭኑ ላይ ጥሎ ነበር። አጥሩን የተደገፉት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። እናቴን ዞር ብዬ አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አባቴን እንደዚያ ስታየው አይቻት አላውቅም።

አጎቴም እሷን ነበር የሚያየው። ከዚያ የናይለን ጃኬቱን አወለቀ። አባቴ አጥሩ ጋ ሲደርስ ጃኬቱን በፈረሱ ዓይን ፊት ጧ አድርጎ አራገፈው።

ፈረሱ ደንብሮ በሁለት የኋላ እግሮቹ ቆመ። አባቴ እጁ ላይ ወደቀ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እስከ አጥሩ ተሰማኝ። «ወይ ፈረሰኛ» አለ አጎቴ እየሳቀ። ሽማግሌው እየሮጡ ሲመጡ «ሂ ኢዝ ኦኬ፣ ሂ ኢዝ ኦኬ» ብሎ መለሳቸው።

ወደ ቤት የወሰደን እሱ ነው። «ኢመርጀንሲ ብንሄድስ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«ለወለምታ? በረዶ አድርጉበት።»

ከዚያ አንድ እጁን መሪው ላይ ትቶ፣ ሌላውን እያወራጨ፣ አወዳደቁን ደጋግሞ አስመሰለ። ወንድሜ ሳቀ፤ ገና ሕፃን ነው፣ ቀልድ መስሎታል። አባቴ ከፊት ወንበር እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። ላቡ ከጆሮው ስር ሲወርድ ከኋላ ይታየኛል።

«ዩ ዲድ ኢት» አልኩት አጎቴን። «በጃኬትህ። አይ ሶው ዩ።»

እናቴ ጉልበቴን ጨመቀችኝ። አባቴ ሳይዞር «አጎትሽን ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ።

«ግን አባዬ...»

«እኔም አይቻለሁ። ይቅርታ ጠይቂ።»

ጠየቅኩ። «ግድ የለም፣ ልጅ ናት» አለ አጎቴና ሬዲዮ ከፈተ።

ጠዋት የአባቴ እጅ ጠቁሮ አብጦ ነበር። ሆስፒታል ስንሄድ አንጓው ተሰብሯል ብለው ጀሶ አደረጉለት። አጎቴ ሊጠይቀው መጣ፤ አባቴ እንደ ወትሮው ተነሳለት። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈረስ አንድም ቀን አላወራልንም። ወንድሜ የዳማውን ፈረስ ተረት ሲለምነው «ረስቼዋለሁ» ይለዋል። አሁን አባቴ በሕይወት የለም። አጎቴ አለ፤ ለበዓል ስንሰበሰብ ያን ምሽት ዛሬም እያነሳ ይስቃል።

በጀሶው ሰሞን እናቴ ዳሊ ሲቲ ለሥራ በጠዋት ስለምትወጣ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቀኛል። ሳንነጋገር ነው የምንጨርሰው። አንድ ጠዋት የአንገትጌውን ቁልፍ ሳስገባ፣ ከራሴ በላይ ወደ ውጭ እያየ፣

«አንድ ዙር ግን አይተሽኛል፣ አይደል?» አለኝ።

«አይቼሃለሁ» አልኩት፣ በአማርኛ።

ቁልፉ አልገባ አለኝ። እስካስገባው ድረስ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቀኝ።