የኢየሩሳሌም ይለፍ ፍለጋ፦ ከደብረ ወርቅ ደብረ ማርቆስ

ሰኞ ንጋት፣ ደብረ ወርቅ

ዶሮ ሲጮህ ወጣን። ከፊት አክስቴ እትዬ አንጓች በበቅሎ፣ ከኋላ እኔ በእግሬ። በትከሻዬ የቅኔ ተማሪ ደበሎ፣ በእጄ ዱላ። በቅሎዋ ላይ ሁለት ቅል ቅቤ ተንጠልጥሏል።

ጉዳያችን ግን ትምህርት ነው። መምህሬ የኔታ መጽሐፍ ሲተረጉሙልን «ይህ ቃል በጽርእ እንዲህ ይላል» ይሉና ይተክዛሉ። ጽርእ የሚባለውን የግሪኮቹን ቋንቋ እሳቸውም ሲባል ሰሙት እንጂ አልተማሩትም። «ኢየሩሳሌም ገዳማችን ውስጥ የሚያውቀው አባት አለ ይባላል። አንዳችሁ ሂዱና ከምንጩ ቅዱልኝ» አሉ አንድ ቀን። ዕጣ ተጣለ፤ ለእኔ ወጣ። ጣልያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ግን ያለ እሱ የይለፍ ወረቀት ባሕር መሻገር የለም። ወረቀቱ የሚሰጠው ደብረ ማርቆስ ነው። ሰጪው ጣልያን ሹም ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ የእትዬ አንጓች የክርስትና ልጅ፣ ተገኘ።

«ቅቤው ለማን ነው?» አልኋቸው ቁልቁለቱን ስንወርድ።

«ለተገኘ ነዋ። ጣልያንኛው ምላሱ ላይ እንዳይደርቅበት።»

ማክሰኞ ማምሻ፣ ሉማሜ

ቀኑን ሙሉ የጤፍ ቃርሚያ፣ ጭቃ፣ የከብት እበት ሽታ። ሉማሜ ዳር አዲሱ የጣልያን መንገድ ድንጋይ ተከምሮበታል፤ ድንጋይ ፈላጮቹ ፊታቸው አቧራ ብቻ ነው። ያደርነው አያ ደሴ ከሚባሉ ገበሬ ቤት። የባቄላ ቆሎና የገብስ ጠላ ቀረበልን። ጉዳዬን ሲሰሙ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ያለ ወረቀት ብትያዝ ጣልያን ያስርሃል። ወረቀት ይዘህ ብትገኝ አርበኛ ባንዳ ብሎ ይተኩስብሃል። ታዲያ አንተ ምን ይሻልሃል?»

«መኝታ ይሻለዋል» አሉ እትዬ አንጓች።

ሐሙስ ጧት፣ ደብረ ማርቆስ

ሹሙ ቀጭን፣ ሽቶ የተርከፈከፈ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። ተገኘ አጠገቡ ቆሟል፤ የክርስትና እናቱን እንደማያውቅ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እትዬ አንጓች በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ኢየሩሳሌም የሸሹ ሰዎች መሰብሰቢያ ናት ይልሃል» አለኝ ተገኘ። «ከነሱ ልትደባለቅ ነው?»

«ጽርእ ልማር ነው።»

ሹሙ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። ፈገግታው ከቁጣ የባሰ አስፈራኝ። ተገኘም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመልኝ። «መማር ከሆነ ሮም አለች ይላል። መንግሥቱ ያበላሃል፣ ያለብስሃል። በሚመጣው ሳምንት ከሌሎች ጋር ትጫናለህ።»

እምቢ ብል እስር ቤት። እሺ ብል የኔታን በምን ዓይኔ አያለሁ? ያን ጊዜ ከበሩ ሥር ድምፅ ተሰማ።

«አንተ ተገኘ፣ ንገረው እንጂ! ይህ ልጅ ከተስቦ የተነሣው ገና አሁን ነው። ሮም ከገባ ቅማሉም አብሮት ይማራል።»

ተስቦ፣ ያ በቅማል የሚተላለፍ በሽታ፣ ይዞኝ አያውቅም። ስለ ቅማሉ ግን አክስቴ አልዋሹም፤ ደበሎ ለባሽ ተማሪ ያውቀዋል። ተገኘ ከንፈሩን ነክሶ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ሹሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። እኔ እስከዚያ ድረስ አንዳችም አላሳከከኝም ነበር፤ የቅማል ስም ሲጠራ ግን አንገቴን፣ ብብቴን፣ ጀርባዬን በላኝ። እከካለሁ፣ እከካለሁ። ሹሙ ጮኸ፤ ውጡ ማለቱ እንደሆነ ሳይተረጎም ገባኝ።

ተገኘ ግን አልቸኮለም። በጣልያንኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ በኋላ እንደነገረን እንዲህ ነበር ያለው፦ «ጌታዬ፣ በዚህ አገር ባለጉዳይ መልስ ሳያገኝ አይሄድም። ደጅ ይጠናል። ይህም ልጅ በየቀኑ ይመጣል፤ እዚሁ በርዎ ላይ ተጠቅልሎ ይውላል።»

ሹሙ በሩን አየ። ደበሎዬን አየ። ከዚያ አስመራን፣ ምጽዋንና ኢየሩሳሌምን ባንድ ትንፋሽ ጻፈና ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታው። ወረቀቱን በመሐረብ ጫፍ ይዞ ሰጠን።

ደጅ ስንወጣ ተገኘ ላቡ ይወርዳል። «እማዬ፣ አንቱ አንድ ቀን ያሰቅሉኛል!»

«ቅቤህን ተቀበልና ዝም በል።»

ሹሙ ሐሳቡን ሳይለውጥ ብለን በዚያችው ሰዓት ከከተማው ወጣን።

ዓርብ፣ ከሉማሜ ወዲያ

ከአንድ ገደል አፋፍ ሦስት አርበኞች ብቅ አሉ፤ ጎፈሬያቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል። አለቃቸው ከመቀነቴ ወረቀቱን አወጣ። የጣልያንን ማኅተም ማንም ያውቀዋል።

«ባንዳ!» አለና የጠብመንጃውን አፈ ሙዝ ደረቴ ላይ አሳረፈው።

እትዬ አንጓች ከበቅሎዋ ወረዱ። ሌላ ተስቦ ሊፈጥሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«የጣልያን ነው፣ ልጄ። ዋሽተን አመጣነው። ኢየሩሳሌም ሄዶ ሊማርበት ነው።»

«እኛ እዚህ እየሞትን እሱ ሊማር?»

«አዎ። ስትሞቱስ ፍትሐት የሚያደርስላችሁ አያሻችሁም? ሁሉም ጠብመንጃ ከያዘ መጽሐፉን ማን ይያዘው?»

ከአለቃው ኋላ ያሉት ሁለቱ ቀድመው ፈገግ አሉ፤ በመጨረሻ እሱም ሳቀና ወረቀቱን መለሰልኝ።

«በል እንግዲህ ቶሎ ተማር። እኔ ብዙም አልቆይም።»

እየሳቀ ነበር ያለው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ቅዳሜ ማምሻ፣ ደብረ ወርቅ

ከኮረብታው ጫፍ የደብሩ ዛፎች ታዩን። እትዬ አንጓች በቅሎዋን አቁመው ተሳለሙ። ባልቴት ነኝ ሳይሉ፣ የማሳ ሥራቸውን ጥለው፣ ስለ እኔ ሹምም ጠብመንጃም ፊት ቆመዋል። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው መንገድ ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ነበር የመጣሁት። አፌን ከፈትሁ።

«እትዬ፣ አንቱ ባይኖሩ ኖሮ...»

«ተወው» አሉኝ። «ከኢየሩሳሌም ስትመለስ ትነግረኛለህ።»

በቅሎዋን ኮርኩረው ቀደሙኝ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብለው አላዩኝም።